ጥላ የምትፈልገው ሳጥን

ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ እስራኤል፣ ጋን ያቭኔ ከተማ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። አዲስ ቤት ገብታለች፤ ከወለሉ ሥር ሙቅ ውኃ የሚዞርበት፣ በክረምት በባዶ እግር የሚኬድበት ቤት። እኔ ቂርያት ማላኪ አራተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ካልሲ የምከርም ሰው ነኝና ቀናሁ እንጂ ምን እላለሁ። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ልትገጥም የመጣችው ባለሙያ እንደ እኛው ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሹሩባዋን ወደ ኋላ አስራ መሰርሰሪያዋን በእጇ ይዛለች። ከቤት ውጭ የምትሰቀለውን ትንሽ ነጭ ሳጥን አወጣችና ግድግዳውን ታማትር ጀመር። እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አፌ መች ያርፋል። "እዚያ፣ ከትንሿ መስኮት በላይ ይሻላል" አልኋት።

"ቤሰደር ጋሼ" አለች፤ በዕብራይስጥ እሺ ማለቷ ነው። መሰላሏንም ወደ ጠቆምሁት ቦታ አዞረች። ለምን አላለችም።

በአክብሮት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያቺ ፈጣን እሺታዋ የቆየ ነገር አስታወሰችኝ። እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ እሺ ብዬ፣ ሽማግሎች ለሦስት ሳምንት በብርድ ሲንቀጠቀጡ ከርመዋል። "ቆይ እስቲ፣ መሰርሰሪያውን አስቀምጪው፤ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ" አልኋት። በሻዩ ላይ የነገርኋት ይህን ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከሠራዊት ወጥቼ፣ የኤሌክትሪክ ኮርስ ጨርሼ፣ ያቭኔ የፋብሪካዎች ሰፈር ውስጥ አንዲት ትንሽ ድርጅት ተቀጠርሁ። ድርጅት ልበላት እንጂ አንድ መጋዘን፣ አንድ ፒክአፕና አንድ ቪክቶር ነበረች። ቪክቶር በሕፃንነቱ ከቱኒዚያ የመጣ፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። በየቀኑ ዳቦ ውስጥ ቱናና የተቀቀለ እንቁላል ከቃሪያ ድልህ ጋር ጠቅጥቆ ይበላና እንባዬ እስኪወጣ ድረስ ያካፍለኛል። "የእናንተ በርበሬ የሕፃን ምግብ ነው" እያለ ይተርበኝ ነበር።

ሥራችን የትልልቅ ሕንፃዎችን ማሞቂያ ውኃ ለሚያፈላው ቦይለር መቆጣጠሪያ መዘርጋት ነው። ቧንቧውን ሌሎች ይሠራሉ፤ ሽቦው የእኛ ነው። ስቀጠር ቪክቶር በኒሳዮን እንደሆንሁ ነገረኝ፤ ኒሳዮን የሙከራ ጊዜ ማለት ነው፣ ስድስት ወር። ካለፍሁ ሙያተኛ ሆኜ እቀራለሁ፤ ካላለፍሁ ከአጎቶቼ ጋር ፋብሪካ ገብቼ ካርቶን ማሸግ ነው። ከሰፈራችን እንዲህ ያለ ሥራ የገባ ሰው ገና አልነበረምና እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ሳምንት ሳይሞላኝ አንዷ ሴትዮ መንገድ ላይ ይዛኝ "ቦይለራችን አይሞቅም" ብላኛለች፤ ገና ካቻቢቴ በቅጡ ሳልይዝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያን ሥራ ወደድሁት። ከሁሉ ያስገረመችኝ ሙቀት የምትለካው ሴንሰሯ ናት። የባቄላ ፍሬ የማታክል ነገር፣ ሁለት ቀጭን ሽቦ የወጣላት። አትንቀሳቀስ፣ አትበራ፣ ድምፅ የላት። ብቻ የመለኪያውን ሁለት ጫፍ ከሽቦዎቿ ጋር ስታገናኘው ቁጥር ያሳይሃል፤ ብርድ ሲሆን ቁጥሩ ይበዛል፣ ሙቀት ሲሆን ያንሳል። አንዷን ከቪክቶር ለምኜ ቤት ወሰድሁና አንድ ዓርብ ከሰዓት ቤተሰቡን አስቸገርሁ። ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ነከርኋት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከመንደሪኑ መሀል ቀበርኋት፣ በመጨረሻ ብብቴ ሥር ወሸቅኋት፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጻፍሁ። እናቴ ሽቦ በብብቴ ይዤ ስታየኝ ደንግጣ ግንባሬን ዳበሰችኝ። ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ነው።

ከመስከረሙ በዓላት በኋላ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበርድ፣ ገዴራ አንድ የአረጋውያን መዋያ የቦይለር ሥራ ያዝን። ብዙዎቹ ሽማግሎች የእኛ ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት አውቶቡስ ያመጣቸዋል፣ ምሳ ይበላሉ፣ ዕብራይስጥ ይማራሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ቪክቶር ለመጀመሪያ ጊዜ ሽቦውን ሁሉ ለእኔ ለብቻዬ ተወው። አንድ ሳምንት ሙሉ በቦይለሩ ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ ከረምሁ። የፓምፑን ገመድ ለብቻ፣ የሴንሰሮቹን ለብቻ፣ እንዳይነካኩ አራርቄ ዘረጋሁ። በየሽቦው ጫፍ ቁጥር አደረግሁ። ብሎኑን አጥብቄ፣ ሽቦውን ጎተት አድርጌ፣ እንደገና አጠበቅሁ። ያን ጊዜ የነበረኝ ትጋት ዛሬ ቢኖረኝ ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ።

ቦይለሩ ሦስት ሴንሰሮች አሉት። አንዷ በሚወጣው ውኃ ላይ፣ አንዷ በሚመለሰው ላይ፤ ሦስተኛዋ ግን በትንሽ ነጭ ሳጥን ሆና ውጭ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ሥራዋ ውጭው ምን ያህል እንደበረደ ለመቆጣጠሪያው መንገር ነው። ውጭው በርዷል ስትል ቦይለሩ ይነዳል፤ ሞቋል ስትል ዝም ይላል። የዚያ ሁሉ ቤት ሙቀት በአንዲት ባቄላ ምስክርነት ላይ የቆመ ነው። ፀሐይ ከነካት ደግሞ ምስክርነቷ ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ ጥላ ትፈልጋለች።

ንድፉ ላይ ቪክቶር ቦታዋን በቀይ እርሳስ ከብቦት ነበር፤ በጀርባ ግቢ ያለው ግድግዳ። ጠዋት ሕንፃው ራሱ ይጋርደዋል፣ ከሰዓት ደግሞ ከማዶ ያለው ባለ ስምንት ፎቅ። ፀሐይ የማያውቀው ግድግዳ ነው። መሰርሰሪያዬን ይዤ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ከግድግዳው ፊት ቆመዋል። አባ ፈረደ ይባላሉ፤ ወገራ ገበሬ የነበሩ፣ ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በመዋያው ሁሉም የሚሰማቸው ሰው።

"ምን ልትሰቅል ነው ልጄ?" አሉኝ።

የቦይለሩ ዕቃ ነው አልኋቸው። እሳቸውም ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው የሚጸልዩት በዚህ በኩል መሆኑን ነገሩኝ፤ ከገዴራ ኢየሩሳሌም ወደ ምሥራቅ ናትና። "የእሳት ዕቃ ፊታችን አትስቀልብን። ሌላ ቦታ ፈልግለት" አሉ።

"እሺ አባ" አልሁ።

ይኸው ነው። ሴንሰር ምን እንደሆነች አልነገርኋቸውም፤ እሳት የላትም አላልሁም፤ ጥላ ትፈልጋለች አላልሁም። እኛ ቤት ታላቅ ሰው ከተናገረ ለምንም፣ ግንም የለም። እሺ ይበልጣል ከሺ ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ደግሞስ ለጸሎት ቦታ ብለው ሲለምኑኝ ምን ብዬ ልከራከር ነው?

ዞር ዞር ስል በደቡቡ ግድግዳ በኩል አንድ ትልቅ የቱት ዛፍ አየሁ፤ የዚህ አገር ልጆች ለሐር ትላቸው ቅጠሉን የሚለቅሙት። ከሥሩ ያለው ጥላ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ላቤን ጠርጌ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ እናቴ የቋጠረችልኝን ቆሎ እየበላሁ፣ ጥላ ከተፈለገ ከዚህ የበለጠ ጥላ ከየት ይመጣል አልሁ። ሰቀልኋት።

በማግሥቱ ቪክቶር ሊመረምር መጣ። ፓኔሉን ከፍቶ እያንዳንዷን ሽቦ በጣቱ ጎተተ፤ አንዲት እንኳ አልወለቀችም። ጉልበቱ ስላመመው ወደ ውጭ አልዞረም። "ሁሉም እንደ ንድፉ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ቤሰደር" አልሁት።

ውሸት ነበር፤ ያውም ዓይኑን እያየሁ። ብነግረው እንደገና ሰርስረህ ስቀለው ይለኛል፣ ከአባ ፈረደ ጋር እጣላለሁ ብዬ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ትል ነበር እናቴ። እኔም ዝም አልሁ፤ ቪክቶር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ለመዋያው ኃላፊ ሴትዮ "ከዚህ ልጅ የተሻለ ሽቦ የሚዘረጋ አላየሁም" አላት። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድሁት በአውቶቡስ ሳይሆን በአየር ላይ ነው።

ጥር ገባ። ብርዱ መጣ፣ ስልኩም መጣ። መዋያው ጠዋት ደህና ይሞቅና እኩለ ቀን ሲቃረብ ይቀዘቅዛል፤ ሽማግሎቹ ምሳቸውን ከነካፖርታቸው ይበላሉ። ቪክቶርና እኔ ሁለት ጊዜ ሄድን። ሁለቱንም ጊዜ ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቦይለሩ እንደ ጥሩ ፈረስ ሲሠራ አገኘነው። ሴንሰሮቹን ከፓኔሉ ላይ ለካን፤ ሁሉም ትክክል። ስንወጣ አንዲት እናት ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው "የእናንተ ቤት ሲዘንብ ይሞቃል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይበርዳል" አሉኝ። ለቪክቶር ተረጎምሁለት። ሳቀና የሽማግሌ ወሬ ነው አለ።

እኔ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በፀሐይ የሚበርድ ቤት። ምን ዓይነት ቤት ነው? ፓምፕ ሲበላሽ ዝናብና ፀሐይ አይለይም። ሽቦ ከላላም የሚያስቸግረው ርጥበት ሲኖር እንጂ ሰማይ ሲጠራ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቆቅልሽ እንደተሰጠው ልጅ ስብሰለሰል ሰነበትሁ። ዛፏን አንድም ጊዜ አላሰብኋትም። በኮንክሪት መሀል ያደገ ሰው ዛፍ ሥር ይቀመጣል እንጂ ዛፍ አይመለከትም።

በዚህ መሀል ኃላፊዋ ተቆጣች። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ሌላ ድርጅት አመጣለሁ፣ ያ ልጅ የዘረጋውንም ሁሉ ነቅለው እንደ አዲስ ይሥሩት አለች። ቪክቶር ስልኩን ይዞ ሲመልስላት አጠገቡ ነበርሁ። "መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ፓምፑም ይሆናል። የልጁ ሽቦ ግን አይደለም፤ በእሱ እምላለሁ" አላት። ያ ቃል ደስ ሊለኝ ሲገባ ከበደኝ።

ማክሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ አደረ። ለብቻዬ እንድሄድ ቪክቶርን ለመንሁት። ከቂርያት ማላኪ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የብርቱካኑ ማሳ ከትናንቱ ዝናብ ገና አልደረቀም፤ መስኮቱን ከፈት ሳደርገው የርጥብ አፈርና የብርቱካን ሽታ ከብርዱ ጋር ፊቴን መታኝ። ገዴራ ስወርድ ትንፋሼ ይጨሳል። መዋያው ግን ሞቅ ብሏል፤ ቦይለሩ ይነዳል። በርጩማ ስቤ ከፓኔሉ ፊት ተቀመጥሁና ጠበቅሁ። በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ቦይለሩ ድምፁን ቀነስ አደረገ። አሥራ አንድ ላይ ጸጥ አለ።

መለኪያዬን አወጣሁና በሦስተኛዋ ሴንሰር ሽቦዎች ላይ አደረግሁት። የወጣውን ቁጥር ሳየው የማውቀው መሰለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያቺ የዓርቧ ወረቀት ነበረች፤ ዘረጋኋት። ብብቴ ሥር ሆና ካሳየችው ቁጥር ብዙም አይርቅም። ውጭ ትንፋሽ በሚያጨስ ብርድ፣ ሴንሰሯ በጋ ነው እያለች ነው።

ሮጬ ወጣሁ። የቱት ዛፏ ራቁቷን ቆማለች። አንዲት ቅጠል የለባትም። ዝቅ ብላ የምትሄደው የክረምት ፀሐይ በባዶ ቅርንጫፎቿ መሀል አልፋ ነጯን ሳጥን ታበራታለች። ሳጥኗን በእጄ ነካኋት፤ ለብ ብላለች። የማይታመን ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። እንቆቅልሹ ተፈታ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ከዛፏ ጎን የውኃ ታንከር አለ፤ ከጀርባው ጥላ ነው። ሳጥኗን ነቅዬ እዚያ ብሰቅላት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም፤ ቪክቶርም ምንም ሳያውቅ ይቀራል፣ ኒሳዮኔም በሰላም ያልፋል። ካቻቢቴዬን አውጥቼ የመጀመሪያዋን ብሎን ማላላት ጀምሬ ነበር። ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አባ ፈረደ ናቸው፤ ሁለት ጋቢ ደርበዋል፣ ዓይናቸው ከሳሉ የተነሣ ቀልቷል።

"አገኘኸው?" አሉኝ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብቻ ሁሉንም ነገርኋቸው። ባቄላዋን፣ ሁለቱን ሽቦ፣ ብርዱን እንዴት እንደምትመሰክር፣ ለምን ጥላ እንደምትፈልግ። ሳጥኗን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋትና እሳቷ የታለ አሉ። እሳት የላትም፣ የምትጠይቀው ብርዱን ብቻ ነው አልኋቸው። በሰንበትስ ማን ያነደዋል አሉ፤ ከዓርብ ተሰናድቶ በራሱ እንጂ ማንም አይነካውም አልሁ። ከዚያ ቀና ብለው ዛፏን አዩ።

"ይህች ዛፍ እኮ በክረምት የምታራግፍ ናት። ሰባት ክረምት አይቻታለሁ። ጥላ እንደምትፈልግ ብትነግረኝ ኖሮ እዚህ እንዳትሰቅላት እነግርህ ነበር" አሉኝ።

"አንቱ አይሆንም ሲሉኝ እሺ ከማለት በቀር ምን ልበል አባ? አክብሬዎት እኮ ነው።"

"እሺ ብለህ ዞር አልህ። አላከበርኸኝም ልጄ፤ ጥለኸኝ ሄድህ። ለሚያከብሩት ሰውማ ነገሩን ያስረዱታል።"

አፈርሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርሁት አክብሮት ሁሉ በአንድ አፍታ የተገላበጠብኝ መሰለኝ። እሳቸው ሊቆጡኝ አልመጡም፤ ብርዱ ያሳላቸው በእኔ እሺታ መሆኑን ግን እኔም አወቅሁት፣ እሳቸውም አወቁት። ከዚያ አለቃህስ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያውቅም አልሁ። ሂድ ደውልለት አሉኝ።

ቪክቶር ከያቭኔ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ደረሰ። ዛፏን፣ ሳጥኗን፣ ንድፉን ተራ በተራ አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲቀላ ሳየው ያ የቃሪያ ድልሁ ትዝ አለኝ። አባ ፈረደ ባላቸው ጥቂት ዕብራይስጥ "አኒ አማርቲ ሎ" እያሉ በመሀላችን ገቡ፤ እኔ ነኝ ያዘዝሁት ማለታቸው ነው። መውጫ ሰጡኝ። አንገቴን ብደፋ በቂ ነበር።

"እሳቸው ሌላ ቦታ ስቀለው አሉኝ እንጂ ቤሰደር በለው አላሉኝም" አልሁት ቪክቶርን። "እሱን ያልሁት እኔ ነኝ።"

ቪክቶር ንድፉን አጠፈው። "ብትነግረኝ ከሽማግሌው ጋር አብረን ቦታ እንመርጥ ነበር። እኔ ለዚያች ሴት በአንተ ምያለሁ" አለ፤ ድምፁ ከቁጣ ይልቅ ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር፤ ያ ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ ዞሮ አባ ፈረደን የት ትሁን ብሎ በእጁ ምልክት ጠየቃቸው። እሳቸውም ሁለት ሽማግሎች ጠርተው ተመካከሩና ራሳቸው ያንኑ የጀርባ ግድግዳ መረጡ፤ ብቻ ከሚቆሙበት ራቅ ብሎ፣ የዝናብ ውኃ ማውረጃው ቧንቧ አጠገብ። ቪክቶር መሰርሰሪያውን ለእኔ ሰጠኝ። አዲሱን ቀዳዳ ሰረሰርሁ። ገመዱን አራዝመን ስንጨርስ ቦይለሩ ተነሣ፤ አባ ፈረደም ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው አዳመጡት።

ኒሳዮኔን ቪክቶር እንደ አዲስ አስጀመረኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን፣ ስድስት ወር ሙሉ። ለእናቴ እስክነግራት ድረስ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ። በቀጣዩ ፀሐያማ ቀን ገዴራ ተመልሼ ስሄድ ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ከወንበራቸው ላይ ጥለው ይጫወታሉ። አባ ፈረደ ለአዲስ መጪ ሁሉ ሳጥኗን እየጠቆሙ "ይህች ብርድ ጠያቂ ናት፤ ጥላ ካላገኘች ትዋሻለች" ይሉ ነበር። ከእኔ የተሻለ አስተማሪ ወጣቸው።

ባለሙያዋ ሻይዋን ጨርሳ እየሳቀች ሰማችኝ። ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወደ ትንሿ መስኮት ቀና አለች። "እስቲ አሁን የምታስቢውን ንገሪኝ" አልኋት።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር?" አለች። "ከትንሿ መስኮት በላይ ያሉኝ ቦታ... መስኮቱ እኮ የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ሰው ሲታጠብ እንፋሎቱ የሚወጣው በዚያ ነው።"

ቀና ብዬ አየሁ። መስኮቱ የመታጠቢያ ቤቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቼ፣ ከልጄ ቤት ፊት ቆሜ፣ አላየሁትም።

"ታዲያ ለምን ቤሰደር አልሽኝ?"

"ጋሼ ስለሆኑ ነዋ" አለች።

እሷ የመረጠችው ቦታ የት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ በጓሮ በኩል አሳየችኝ። ለምን አልኋት። ፀሐዩን፣ ነፋሱን፣ የጎረቤቱን ማቀዝቀዣ ማውጫ እየጠቆመች፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ አስረዳችኝ፤ ሁለት ጊዜ አልገባኝ ብሎ እንደገና አስደገምኋት። ከዚያ መሰላሉን ያዝሁላት።